የአዴ ከድጃ ስንዴና የእኔ ጾም

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜአለሁ። ሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልኝ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ቀስ ብዬ ስለምናገር ታገሡኝ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፤ እናቴ ፈጽማ ድናለች ልላችሁ አይደለም። ዛሬም መድኃኒት ላይ ናት። ምስክርነቴ ግን ሙሉ ነው፤ ክብር ለስሙ ይሁን!

ያደግኩት እዚሁ ሮቤ፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተማርኩትም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈተና ሲደርስ እጾማለሁ። ሲሳካልኝ «ጌታ ሰማኝ» እላለሁ፤ ሳይሳካልኝ ሲቀር ጾሙን የቱ ጋ እንዳበላሸሁት እፈልጋለሁ። ቶሎ ፈትቼው ይሆን? ሐሳቤ ተበታትኖ ይሆን? እግዚአብሔርን አባቴ እለው ነበር፤ የምቀርበው ግን እንደ ነጋዴ ነበር።

አምና ስንዴው በደረሰ ሰሞን እናቴን ትንፋሽ አጠራት። ጎባ ሐኪም ቤት አስገባናት። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ «ሳንባዋ ውኃ ቋጥሯል። ቀድተን አውጥተናል። ተመልሶ ከሞላ ግን አዲስ አበባ እንልካታለን፤ ሰኞ እናያለን» አለኝ።

«ትድናለች?» አልኩት።

«ሰኞ እናያለን አልኩሽ እኮ፣ እህቴ።»

አክስቴ አጠገቧ ቀረች። እኔ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን መጥቼ ጾም ጸሎት ያዝኩ። እስከ እሑድ ማታ ከግቢው ላልወጣ ተሳልኩ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ከወጣሁ እናቴ ትሞታለች ብዬ አምኜ ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ከሐኪም ቤት መስሎኝ በድንጋጤ አነሣሁት። አዴ ከድጃ ነበሩ። ማሳቸው ከእኛ ማሳ ጋር የሚዋሰን፣ ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ለትንሽ ማሳ የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር ለብቻው አይመጣም። ስለዚህ እናቴና እርሳቸው በየዓመቱ ሁለቱን ማሳ አንድ ላይ አድርገው ወረፋ ይይዛሉ። ሾፌሩ ግን ከሁለቱም ቤት ሰው ካልቆመ ማሽኑን አያስገባም፤ በኋላ እህሉ ሲከፈል ጠብ ይነሣል ብሎ ይፈራል።

«ጫልቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የት ነሽ? ቀጥሎ የእኛ ነው!» አሉኝ።

«አዴ፣ ለእማዬ ጾም ጸሎት ላይ ነኝ። ለነገ አይሆንም?»

«ነገማ ማሽኑ ወደ ጊኒር ይሄዳል! ደመናውን አታዪም? ስንዴው ከረጠበ እዚያው ማሳው ላይ ይበቅላል። እናንተስ እሺ፣ አንቺ ተምረሻል። የእኔ ልጆች ምን ይበሉ?»

ቀና ብዬ ደመናውን አየሁ።

«ለእናትሽ እኔም ዱአ እያደረግኩ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጸሎትሽን ይዘሽ ነይ። እዚህም ሰማይ አለ።»

ግቢው ውስጥ ወደነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያችን ወደ ጋሽ ተስፋዬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጾሜን አቋርጬ ልሂድ? ይፈቅዱልኛል?»

«ማን አሰረሽ?» አሉኝ።

«ከወጣሁ እማዬ…» አልኩ።

«ልጄ፣ እናትሽን በሕይወት ያቆያት ያንቺ ረሃብ ነው እንዴ?»

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ልቤን ገለጠው! የግቢው በር ላይ ቆሜ እንዲህ ብዬ ጸለይኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ እናቴን ብታድናትም ባታድናትም አምላኬ ነህ። ጾሜን እንደ ክፍያ አላቀርብልህም። ዛሬ የምትፈልገኝ ማሳ ላይ ከሆነ፣ ይኸው እሄዳለሁ።» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሹን ሳልጠብቅ የጸለይኩት ያን ቀን ነው። ሃሌ ሉያ! እጄን አንሥቼ ጌታን ተቀበልኩ ያልኩት ከዓመታት በፊት ነበር፤ እውነተኛ አምልኮ የጀመርኩት ግን ያን ዕለት ነው።

በባጃጅ ደረስኩ። ሾፌሩ ከጾም ጸሎት እንደምመጣ ሰምቶ ኖሮ፣ ገና ሲያየኝ፣ «ፓስተሯ መጣች! በይ ለማሽኑም ጸልዪለት፣ ጠዋት አልነሣ ብሎኝ ነበር» ብሎ ሳቀብኝ።

«አንተ ሥራህን ሥራ!» ብለው ጮኹበት አዴ ከድጃ።

ጆንያ ስይዝ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። አዴ ከድጃ ከነጠላቸው ጫፍ ዳቦ ፈትተው ቆረሱልኝ። «ብዪ። ጾመኛ ጆንያ አያነሣም።» ዳቦውን እንደያዝኩ የእናቴ ፊት መጣብኝ። «ጌታ ሆይ፣ እርሷ በአንተ እጅ ናት» አልኩና በላሁ። ያ ፍርሃት ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ጌታ ይባረክ! ዝናቡ ሲጀምር የሁለቱም ቤት ስንዴ አዴ ከድጃ ቤት ገብቶ ነበር።

ሰኞ ሐኪሙ አዲሱን ፊልም አየ። «ይሞላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሞላም። አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልጋትም። መድኃኒቱ ግን የረጅም ጊዜ ነው፤ እንዳታቋርጥ» አለ። ክብር ለጌታ ይሁን!

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አደራ በትክክል ስሙኝ። ማሳ ስለሄድኩ ጌታ እናቴን ማረልኝ አልልም። እንዲህ ካልኩ ወደዚያው ንግዴ ተመለስኩ ማለት ነው። የማራት መሐሪ ስለሆነ ነው። ባትድንስ ኖሮ? ባትድንም በለቅሶ ልብስ እዚሁ ቆሜ ላመሰግነው ወስኜ ነበር። ዛሬም ውሳኔዬ ያው ነው።

ዛሬ እናቴ ቤት ናት፤ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ስለ እርሷ አመሰግነዋለሁ። ከእናንተ መካከል አንድ ቀን ጸሎት ብታጎድሉ የምትወዱት ሰው የሚቀሠፍ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ያስፈራራችሁ ጌታ አይደለም። እመኑት። የሚያስፈልገንን ያውቃል፤ እኛ መንግሥቱን እናስቀድም፣ ወደ ተቸገረ ጎረቤት ደጅ ቢወስደንም። እኔ አሁንም እጾማለሁ፤ የምጾመው ግን ስለምወደው ነው። አሜን።