የዳልጮ ሁለተኛ ዲግሪ

ባሌ ዳልጮ ዝምተኛ ነው፤ ስለ እሱ ሁልጊዜም የማወራው እኔ ሉሊት ነኝ። አርባ ምንጭ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር፤ እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በ1975 መስከረም ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሲላክ ጎረቤቱ ሁሉ "ሁለት ዓመት ተምሮ መምጣት ነው" አለ። ምን ያውቃሉ! ኮርሱን በጥሩ ነጥብ ማለፍ አለ፤ የራስን ጥናት ሠርቶ መጻፍ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ፈታኞች ፊት ቆሞ ለጻፉት መልስ መስጠት አለ። ይህ ሁሉ እስከ ሰኔ 1976 ካላለቀ የትምህርት ፈቃዱ ያበቃል፤ ዲግሪውም ቀረ ማለት ነው።

ጥናቱ ትውልድ አገሩ ካምባ ደጋ ላይ ስላሉት የእንሰት ዓይነቶች ነበር። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደረሰ፤ ሊቀመንበሩም የአገሩን ሽማግሌ ወንዶች ሰበሰበለት። አሥራ ስምንት ዓይነት ቆጠሩለት። እኔም ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ዘጠና ገጽ ተየብኩ።

በ1976 ሚያዝያ፣ ዳልጮ ጽሑፉን ሊያስተይብ አርባ ምንጭ መጥቶ ሳለ፣ እናቱ እማማ አገርነሽ ለከተማችን የሲቀላ ገበያ መጥተው እኛ ዘንድ አረፉ። ዳልጮ ኮራ ብሎ ዝርዝሩን አነበበላቸው። ሴትዮዋ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ማነው ይሄን የነገረህ?"

"ሽማግሌዎቹ።"

"ኧረ ወዲያ! ወንድ ስለ እንሰት ምን ያውቃል? ሲፋቅ አጠገቡ አይደርስ! እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው። ያኛው ደግሞ ሦስት ዓይነት አለው። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የምናበላውንማ ጭራሽ አልነገሩህም።"

እኔ ብው አልኩ። "ፈታኞቹ ካምባ ድረስ ሄደው አይቆጥሩ! እንዳለ አስረክበው" አልኩት።

"እኔስ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ?" አለኝ።

አኮረፍኩት። እሱ እናቱን ተከትሎ ሄደና አርባ ቀን ከሴቶቹ ጋር በየጓሮው ዋለ። ሠላሳ አንድ ዓይነት ይዞ ተመለሰ። ሰኔ ገብቶ ነበር፤ እየተነጫነጭኩ ሁሉንም እንደገና ተየብኩ።

የፈተናው ቀን እኔም አዲስ አበባ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ሽበታም ፈታኝ ወረቀቱን አገላብጦ፦

"መጀመሪያ ወንዶቹን ጠይቀህ እንደተሳሳትክ ጽፈሃል። ከነገሩህ ሴቶች አንዷ ወላጅ እናትህ ናቸው። ታዲያ ለምን መጀመሪያ እሳቸውን አልጠየቅክም?" አለው።

አበቃልን አልኩ በልቤ። ደብዳቤው የተጻፈው ለሊቀመንበሩ ነው ቢል ይችል ነበር። አላለም። ፈታኙን ቀና ብሎ አየና፦

"እናቴ ስለሆነች፣ የምታውቅ አልመሰለኝም" አለ።

ሽበታሙ ሰውዬ መነጽሩን አወለቀ።

"የእኔም እናት ዕድሜ ልኳን እንሰት ስትፍቅ ኖረች" አለ። "አንድም ቀን ሳልጠይቃት ሞተች።"

ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀውም። ዳልጮ አለፈ፤ እኔ ግን ማለፉን ሲነግሩን እንኳ ለቅሶዬን ማቆም አቅቶኝ ነበር።