ሳይስቁ በር አይታለፍም

ዛሬ ከሰዓት የልጅ ልጄን አዳዲስ ደብተሮች በጋዜጣ ስለብድ፣ ልጄ አጠገቤ ሆና አንድ አምቦ ውሃ ከፈተች፤ ያ «ፍሽሽ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ መቀሱን አስቀምጬ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ልጄ ምን ሆንሽ ብትለኝ ምን እላታለሁ? አባቴ ኮቱ ርሶ፣ ወረቀት ይዞ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ታየኝ።

አምቦ ውስጥ እኔ ልጅ በነበርኩበት ዘመን ስብሰባ የማይጠራበት ጉዳይ አልነበረም። አባቴ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበር የሰው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ሲተይብ ይውልና ቤት ሲገባም ልማዱ አይለቀውም፤ ስለዚህ መስከረም ገብቶ ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ምሳ በልተን እንዳበቃን እናቴን፣ ታናሽ ወንድሜን ቶለሳንና እኔን ሰብስቦ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «አጀንዳችን አንድ ነው» ይል ነበር። አጀንዳው ነገ እንዴት እንደምንሄድ ነው። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ላይ ይወጣል፣ ከትንሹ ጀምሮ እያንዳንዱን እየዞረ እስከ ትምህርት ቤቱ ወይም እስከ ቢሮው ደጅ ያደርሳል፣ የሚሸኘውም ሰው ሳይስቅ በር አያልፍም። እንዴት እንደሚያስቁት ሌሎቹ ተደብቀው ይመክሩበታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ የአዲስ ደብተር ሽታና የነገው ተንኮል አንድ ላይ ሆነው ልባችንን ያዘልሉት ነበር።

ቶለሳን ማሳቅ ቀላል ነው፤ ጣት ሲያሳዩት ይንከተከታል። እኔ ግን ኩራተኛ ቢጤ ስለነበርኩ ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ፤ አባቴም ያን ሆዱን ገፋ አድርጎ በጓደኞቼ ፊት የርዕሰ መምህራችንን አረማመድ ሲራመድልኝ በሳቅና በኀፍረት ተሸንፌ እገባለሁ። አባቴን የምታስቀው እናቴ ነበረች። ቢሮው ደጃፍ ላይ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጆሮው ላይ ታንሾካሹካለች፤ እሱ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ምን እንደምትለው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ብቻዋን ወደ ቤት ትመለሳለች።

ይህ ብቻዋን መመለሷ የከነከነኝ ስድስተኛ ክፍል ልገባ ስል ነው። በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ «እማዬንስ ማን ያደርሳታል?» አልኩ። እናቴ ለመሠረተ ትምህርት ሁለት ጊዜ ተመዝግባ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከቀበሌው አዳራሽ በር ተመልሳለች፤ አንዴ ሊጥ ተረስቶባት፣ አንዴ ራሷን አሟት። ፍርሃት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰች ደግሞ ዳግመኛ እንደማትሞክር እናውቃለን። «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ ፊደል ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ ስንት የሚያስቅ ነገር እያለ» አለች፤ እየሳቀች አልነበረም። አባቴ በቃለ ጉባኤው ላይ «ነገ እሷንም እንድናደርስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ብሎ ጻፈ፤ እሷ እጇን አላወጣችም።

በማግስቱ እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዕቅዱ ዝግጁ ነበር። አባቴ ያንን አንድ ለእናቱ የሆነ ኮቱን ለብሶ፣ በታይፕ የመታውን ንግግር ኪሱ ከትቶ፣ እኔ አራት ብርጭቆ በዘንቢል ይዤ፣ ቶለሳ ደግሞ ንግግሩ ሲያልቅ ለእናቴ ክብር የሚከፈተውን አምቦ ውሃ ታቅፎ ወጣን። ስህተታችን ጠርሙሱን ለቶለሳ መስጠታችን ነው። አምቦ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ልጁ በደስታ መንገዱን ሁሉ እየዘለለ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ጠርሙሱን እንደ ከበሮ እየናጠ ነው የሄደው።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመች። ውስጥ ልጅ ያዘሉ ሴቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፣ አስተማሪዋ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ቀጭን ልጅ ናት። እናቴ እጄን ለቀቀችና ፊቷን ወደ መጣንበት መንገድ መለሰች። አባቴ ቶሎ ብሎ ወረቀቱን አወጣና «የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች» ሲል፣ ቶለሳ መጠበቁ አቅቶት ቆርኪውን በጥርሱ ነቀለው።

ውሃው ከአባቴ ደረት እስከ ጢሙ ደረሰ። አባቴ ግን ስብሰባ የማያቋርጥ ሰው ነው፤ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ የራሰውን ወረቀት ከፍ አድርጎ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ «የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች...»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ሆዷን ይዛ፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ ውስጥ ያሉት ሴቶችም ተከትለዋት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪዋ ራሷ እየሳቀች ወጥታ እጇን ያዘቻትና «ግቢ አዴ፣ ግቢ እሜቴ» አለቻት። ገባች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የምሰማው ለክፉ ነበር፤ እናቴን ግን እያሳሳቀ ክፍል አስገባት።

ከዓመታት በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ቤተሰቤ ሩቅ ስለነበር የሚሸኘኝ አልነበረም፤ እንደማንኛውም ሰው በሩን ዝም ብዬ አለፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከአምቦ ደብዳቤ ደረሰኝ። በትልልቅ፣ ወዲያና ወዲህ ባዘነበሉ ፊደላት ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ «ጫልቱ፣ ኮልፍቴ ሴንቴ?» ስቀሽ ገባሽ ወይ ማለቷ ነው። እናቴ በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያው ደብዳቤ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ከግቢው ወጣሁ፣ አጥሩ ሥር ቆሜ የአባቴን ኮት አስታወስኩ፣ እንባዬ እየወረደ ስቄ እንደገና ገባሁ። ዘበኛው ያበድኩ መስሎት አፍጥጦ አየኝ።

አሁን ሁለቱም አልፈዋል። ነገ የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ስብሰባ ጠርቼ አጀንዳችን አንድ ነው ብያለሁ። ቶለሳ ከባኮ ዛሬ ማታ በአውቶቡስ ይገባል፤ ጥርሱ እንደ ድሮው ባይሆንም ጠርሙሱን የምይዘው እኔ ነኝ ብሎ በስልክ ምሏል። ብርጭቆዎቹ ታጥበዋል፣ ንግግሩንም ጽፌዋለሁ። አማቼ ከጠርሙሱ ፊት እቆማለሁ ብሏል፤ ደግ ልጅ ነው፣ ግን የሚለብሰው ውሃ የማያስገባ ጃኬት ነው። ኮቱ ርሶም ንግግሩን ከመጀመሪያው የሚጀምርልን ሰው የለንም።