የእርቅ መያዣው ምንሽር ከጉና ሲወርድ

ሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ባሕር ዳር

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሣም። ረዳቱ በጨለማው መናኸሪያ ውስጥ «ደብረ ታቦር! በአንበሳሜ!» እያለ ይጮሃል። ታሪፉ ካለፈው ጉዞዬ በእጥፍ ጨምሯል። «ምነው?» ስለው ሹፌሩ «መንገዱን አይተህ ትፈርዳለህ» አለኝ።

የምሄደው አጎቴ አያ ፈንታሁን ጠርተውኝ ነው። ጉና ሥር የሚኖሩ ገበሬና የአገር ሽማግሌ ናቸው። በስልክ ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «የእርቁ ጠመንጃ ጣጣ ሊያመጣብኝ ነው። ሕግ የምታውቅ አንተ ነህ፤ ድረስልኝ።» እኔ ሕግ አላውቅም። ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ዘመዶቼ ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል፤ እኔም ክብሩ ስለሚጥመኝ አላስተባብልም።

ለአንባቢ ነገሩን ከሥሩ ልንገር። ደሴና ጌጡ የአጎቴ መንደር ሰዎች ናቸው። ከዓመታት በፊት በግጦሽ ወሰን ጠብ የደሴ ታላቅ ወንድም የጌጡን ወንድም አበጀን በጥይት ገደለው። የገደለበትን መሣሪያ ፖሊስ ወሰደው፣ ገዳዩም ወኅኒ ወረደ። የቀሩት ደም እንዳይቃቡ ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ አስታረቁ። የደሴ ወገን ከአባቱ የወረሰውን ምንሽር መያዣ አድርጎ ሰጠ። ጠመንጃው አጎቴ ቤት እስከተሰቀለ ድረስ እርቁ አለ። ከዚያ ቤት ቢወጣ የሚሆነውን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

ረፋድ፤ አንበሳሜ

ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ሻንጣ ይከፈታል፣ ኪስ ይፈተሻል፣ መታወቂያ ከፊት ጋር ይመዛዘናል። ወታደሩ ልጅ እግር ነው፤ እሱም እንደኛ የፈራ ይመስላል። ከጎኔ የተቀመጡት የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ቀስ ብለው «ትናንት ተኩስ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ከፍተውታል» አሉኝ።

ተፈትሸን ስንሳፈር የመጣሁበትን አጫወትኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም ለሱቄ ጥበቃ አንድ ክላሽ ነበረኝ። መጀመሪያ ቀበሌ መዘገበኝ። ከዚያ የፌዴራሉ አዋጅ ወጣና የድሮው ወረቀት አይሠራም፣ አዲስ ፈቃድ አውጣ ተባልኩ። ያንን ስጠብቅ ጸጥታው ደፈረሰና ክልሉ ደግሞ እንደገና አምጥተህ አሳይ አለኝ። ብታሳይ ይወሰዳል የሚል ወሬ አለ፤ ባታሳይ ደግሞ ወንጀለኛ ነህ።»

«ታዲያ አሁን ክላሹ የት አለ?»

«ቴምር ብላ» አሉና እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ።

ከሰዓት፤ ደብረ ታቦር

ከመኪና እንደወረድኩ አንድ ፊቱ የገረጣ ቀጭን ሰው ስሜን ጠርቶ እጄን ያዘኝ። ደሴ ነበር። በድሮው ወረቀት ጠመንጃው የተመዘገበው በእሱ ስም ነው፤ መምጣቴን ሰምቶ ሲጠብቀኝ ውሏል። በባጃጅ አብረን ጠመንጃ ወደሚመዘገብበት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ወረፋው እስከ አጥሩ ይደርሳል፤ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል።

ኃላፊው ትሑት ወጣት ነው። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«የመመዝገቢያው ጊዜ ዐርብ ያበቃል። ጠመንጃውም ባለቤቱም አብረው መቅረብ አለባቸው። ፈቃድ ከተሰጠው ባለቤቱ በራሱ ቤት ያኖረዋል፤ ለሌላ ሰው ማስያዝ አይቻልም። ከዐርብ በኋላ የሰው ጠመንጃ ቤቱ የተገኘበት ይታሰራል።»

«በእርቅ የተያዘ ቢሆንስ?»

«እኔም የተወለድኩት እዚሁ ቅርብ፣ እስቴ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መያዣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አዋጁ ግን አያውቀውም።»

አጎቴ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ወኅኒ ቤት አንድ ክረምት አይችሉም። ጠመንጃው ወደ ደሴ ቤት ቢመለስ ደግሞ ጌጡ እንቅልፍ አይወስደውም።

ማክሰኞ፤ ጉና

ወደ ጋይንት በሚሄድ መኪና ጥቂት ሄደን ወረድንና ሽቅብ በእግር ተያያዝነው። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ግራና ቀኝ ገብስ ነው፤ ሴቶች ድንች ይቆፍራሉ። «ደህና ዋላችሁ» ብል የሚመልስልኝ ጠፋ። አንዲት አሮጊት ደሴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በራቸውን ዘጉ።

ምክንያቱን ያወቅሁት የአጎቴ አጥር ጋ ስንደርስ ነው። ጌጡ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ክላሹ ጭኑ ላይ ነው።

«ከማን ጋር ነው የመጣኸው?» አለኝ። ደሴን ቀና ብሎም አላየውም።

አጎቴ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ ሰላምታም አልሰጡኝ።

«አንድ ወገን ይዘህ የአስታራቂ ደጅ ትመጣለህ? ከተማ ይህንንም አስረሳህ?»

እውነት ነው፣ ረስቼዋለሁ። በእኛ አገር ወደ አስታራቂ ቤት ከአንደኛው ወገን ጋር የመጣ ዘመድ ፍርዱን ይዞ እንደመጣ ይቆጠራል። መንደሩ ሁሉ አጎቴ ለደሴ አደሉ ብሎ ጨርሷል። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ፣ ምክንያቱም የጌጡ ጣት ከክላሹ አልራቀም።

አጎቴ ማናችንንም ቤት አላስገቡም። ደሴንና እኔን ከአጥሩ በስተግራ፣ ጌጡን በስተቀኝ አስቀምጠው እሳቸው መሐል ተቀመጡ። ቅቅል ድንች በሁለት ሳህን ወጣ። ኃላፊው ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እስሩ አያስፈራኝም፣ አርጅቻለሁ» አሉ። «የሚያስፈራኝ እኔ ገብቼ ጠመንጃው ሲወጣ እነዚህ ሁለቱ በየቤታቸው የሚያስቡት ነው።»

«ጠመንጃው ከደጅዎ ከወጣ እኔም የማውቀውን አውቃለሁ» አለ ጌጡ።

«እንግዲያው ሁላችንም አብረነው እንወጣለን» አሉ አጎቴ። «የአንተ ክላሽ ግን ከቤት ይቀራል።»

ጌጡ ክላሹን ከጭኑ ወደ መሬት አወረደና «ይሁን አያ ፈንቴ፣ ለርስዎ ስል» አለ።

ረቡዕ፤ ቁልቁል

ምንሽሩን ከግድግዳ አወረዱት። ልማዱ ሁለቱም እንዲይዙት ነው፤ ደሴ ሰደፉን፣ ጌጡ አፈሙዙን ይዘው የደጁን መድረክ አሻገሩት፣ ከዚያ በጋቢ ተጠቅሎ የአጎቴ በቅሎ ላይ ተጫነ።

ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ ኬላው አስቆመን። ወታደሩ ጥቅሉን ፈታና ጠመንጃውን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሌሎቹ መሣሪያቸውን አነሡ።

«የማን ነው?»

ደሴ «የኔ» እንዳይል ጌጡ አጠገቡ ነው። አጎቴ «የእርቅ ነው፣ ልጄ» አሉ። ወታደሩ አልገባውም። እጄን ወደ ላይ አድርጌ ልናስመዘግብ እንደምንሄድ ለፈለፍኩ፤ የኃላፊውንም ስልክ ሰጠሁ። እስኪደወል ድረስ ላቤ በዚያ ብርድ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። በመጨረሻ «ሂዱ» አሉን።

ኃላፊው ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ደሴን «ፈቃድ አውጥተህ ቤትህ ታኖረዋለህ ወይስ ታስረክባለህ?» ሲል ጠየቀው።

የአባቱ ነው። ደሴ ሰደፉን ዳበሰው። ጌጡ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል።

«አስረክቤያለሁ» አለ ደሴ፤ ዕንባው ወረደ።

ስንወጣ አጎቴ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። «እንግዲህ በእጄ ምንም የለም» አሉ። «ሰው እርቁ የት አለ ቢለኝ ምን አሳያለሁ?»

ሁለቱ እስከዚያች ሰዓት ቃል የተለዋወጡት በአጎቴ በኩል ብቻ ነበር። አሁንም ደሴ ወደ እሳቸው ዞሮ «ባለቤቴ አራስ ናት። ጌጡ ልጄን ክርስትና ያንሣልኝ ይበሉልኝ» አለ። አበልጅ በአበልጁ ላይ እጁን አያነሣም፤ በአገራችን ከዚህ የጠበቀ ማሰሪያ የለም።

ጌጡ ፊቱ ጠቆረ። «ወንድ ነው ሴት? ይጠይቁልኝ።»

«ወንድ ነው።»

«ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ ይበሉት። አበጀ ነው የምለው።»

አጎቴ ይህን ለደሴ መድገም አቃታቸው። መድገምም አላስፈለገም። ወንድሙ የገደለውን ሰው ስም ደሴ ዕድሜውን ሙሉ በገዛ ደጁ ሊጠራ ነው።

«አበጀ ይባል» አለ ደሴ።

ጌጡ የበቅሎዋን ልጓም ከአጎቴ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ዞር ብሎ ሰውየውን ፊት ለፊት አየውና «ደሴ፣ ሳይመሽብን እንሂድ» አለው።