እትዬ ንግሥት ያላዩት በረዶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር እዚህች ላይ ስደርስ እየዘለልኳት ዓመታት አለፉ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ከሁሉ በላይ ማወቅ ለሚገባት ለሳባም አልነገርኳትም። አንባቢዬ፣ አንተ አታውቀኝም፤ ፊቴንም አታይም። ካንተ የጀመርኩት ለዚህ ይሆናል። እንግዲህ ስማኝ፤ ስትሰማኝ ግን አታባብለኝ።

ስሜ ኤፍሬም ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታክሲ እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ የሰርግና የክርስትና ፎቶ አነሳለሁ። በልቤ የነበረው ግን ሙሽራ አልነበረም፤ በረዶ ነው። የዋልታ ድብ፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የበረዶ ክምር፣ ሰው ያልረገጠው ነጭ አገር። ክረምቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት እኔ ካሜራዬን አንጠልጥዬ የፖቶማክን ወንዝ ዳርቻ አስሳለሁ። ባለቤቴ «ሰው ሙቀት ይናፍቃል፣ አንተ ብርድ» ትለኛለች።

እትዬ ንግሥትን ያገኘኋቸው እዚያው ወንዙ ዳር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ውሃው ጠርዝ ጠርዙን በረዶ በሠራበት በአንድ የጥር ጠዋት ነው። አንዲት በካፖርታቸው ላይ ነጠላ የደረቡ ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የጣቱ ጫፍ በተቆረጠ ጓንት ብሩሽ ይዘው ይሥላሉ። እኔ በስልክ እያወራሁ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ኖሯል።

«ልጄ፣ ብርሃኔ ላይ ቆመሃል» አሉኝ በአማርኛ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ዞር አልኩላቸው። የሚሥሉትን አየሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፖቶማክ አልነበረም። የዚያችን ቀጭን የበረዶ ጠርዝ አሳድገው አሳድገው የሰሜን ዋልታ አድርገዋታል፤ ላይዋ ላይ አንዲት ድብ ቆማለች። ዓለም ላይ ከኔ ሌላ እንዲህ ያለ እብድ መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። አባታቸው በረዶ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። በዚያ ሐሩር፣ በጆንያ የተጠቀለለው በረዶ በጋሪ ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሮጣል፤ እሳቸው ግን ቁራሹን አይበሉትም ነበር፤ ፀሐይ ላይ አንሥተው በውስጡ ያዩበታል። አሜሪካ መጥተው ሠላሳ ዓመት ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ሥዕል ተማሩ። ላንድማርክ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር፣ ነርስ ከሆነችው ልጃቸው ከሳባ ጋር በሚኖሩበት አፓርታማ ግድግዳው በሙሉ ድብ፣ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ፣ ነጭ ቀበሮ ነው። ሁሉንም ከላይብረሪ ካመጡት መጽሐፍ እያዩ የሣሉት ነው።

«በሰው ዓይን እስከ መቼ አያለሁ?» አሉኝ አንድ ቀን። «አቦ፣ አንዴ እንኳ በራሴ ዓይን ልየው!»

አብረን እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አትርሳብኝ። እሳቸው አልጠየቁኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ከኖርዌይ በስተሰሜን ወዳሉት ደሴቶች የምትሄድ አንዲት ትንሽ መርከብ አገኘሁ። ሰዎቹን ከመርከቧ እያወረዱ በጎማ ጀልባ ወደ በረዶው ያስጠጓቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከኤርፖርት የጠዋት ሥራዬ ስመለስ ላንድማርክ እየገባሁ ካርታውን ዘርግተን አወራነው። ወረቀቱን ሁሉ የምጨርሰው እኔ ነበርኩ፤ ኢሜይሉም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እሳቸው «እንግሊዝኛው ላንተ፣ ጸሎቱ ለኔ» ይሉ ነበር። እንዲህ ነበር የሚያምኑኝ።

በሦስተኛው ዓመት ዓይናቸው ታመመ። ግላኮማ ነው ተባለ። ዳር ዳሩ እየጨለመባቸው መሐሉ ብቻ ቀረ፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት። ከሐኪሙ ቀጠሮ የተመለሱ ዕለት ክንዴን ያዙና «ኤፍሬም፣ በዚህ በጋ ይሁን። ብርሃኔ ሳያልቅ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። መርከቧ የምትጠይቀውን የጤና ፎርም ሞልቼ ላክሁ። ግን በልቤ ምን እያሰብኩ ነበር? ስለ እሳቸው ብርሃን? አይደለም። ያቺን የጎማ ጀልባ እያሰብኩ ነበር። ካሜራ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ክንዳቸውን ስይዝ ድቧ ብታልፍስ? የሕይወቴ ፎቶ በዚያች ቅጽበት ቢያመልጠኝስ? ይህን አሰብኩ። እኔ፣ እናቴ ሆይ ብዬ እጃቸውን የምስም እኔ፣ ይህን አሰብኩ።

መልሱ የመጣ ዕለት ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። በደስታ እንቀበላቸዋለን ይላል። ጀልባው ላይ አንዲት ሠራተኛ አጠገባቸው ተቀምጣ የሚታየውን ሁሉ እየነገረች ትረዳቸዋለች። ጀልባቸው ቀስ ብላ የምትሄድና ከሩቅ የምትቆም ትሆናለች፤ እርስዎም አብረዋቸው ስለሆኑ በዚያችው ይሳፈራሉ። መምጣታቸውን ብቻ ያረጋግጡልን።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀስ ብላ የምትሄድ፣ ከሩቅ የምትቆም። የእጄ ሰበብ እንኳ ተወስዶልኝ ነበር። ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ተገኝቶ ነበር። እኔ ግን ቅርብ መሆን ፈለግሁ። እሳቸውን ወክዬ፣ ጤናቸው ስላልፈቀደ አይመጡም፣ እኔ ብቻ እመጣለሁ ብዬ እዚያው መሪዬ ላይ ተደግፌ ጻፍኩ። ኋላዬ ያለው ሾፌር ክላክስ ሲያደርግብኝ ልኬ ጨርሼ ነበር።

ከዚያ ላንድማርክ ሄድኩ።

«ምን አሉ?» አሉኝ ገና በሩ ላይ።

«አልተቀበሉዎትም፣ እትዬ ንግሥት።»

«ለምን?»

«ስለ ዓይንዎ ነው የሚሉት።»

አየህ አይደል? ሌላ ሰበብ ባበጀሁ ምን ነበረበት? ቦታ ሞላ ማለት አልችልም ነበር? የሚደማውን ቦታ መርጬ መታሁ፤ ስለ ዓይናቸው ካልኩ እንደማይከራከሩ ስለማውቅ።

ብሩሻቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ንጹሕ ነበር፤ ግን ደጋግመው ጠረጉት። «እውነታቸውን ነው» አሉ በመጨረሻ። «የማታይ ሴት ምን ልታይ ትሄዳለች?» ቀጥለውም «አንተ ግን እንዳትቀር። እኔን ብለህ ብትቀር አዝንብሃለሁ» አሉኝ። መረቁኝም። አንገቴን ደፍቼ ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ሄድኩ። ድቧን አየኋት፤ ልጇን አስከትላ፣ አፍንጫዋን ወደ እኛ ቀና አድርጋ። ፎቶውን አገኘሁት፤ ዛሬ ሰው የሚያደንቅልኝ እሱን ነው። ያን ዕለት ግን ከኋላችን ያቺ ቀርፋፋ ጀልባ ነበረች። አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠውባታል። አጠገባቸው ያለችው ሠራተኛ በጆሯቸው የሆነ ነገር ትነግራቸዋለች፤ ሽማግሌው እንደ ልጅ ይስቃሉ። ከጎናቸው አንድ ሰው የሚበቃው ባዶ ቦታ አለ። አየሁት። አይቼም ወደ ካሜራዬ ተመለስኩ።

ስመለስ ሁሉንም ነገር ጠየቁኝ። በነዚያ ማክሰኞዎች እኔ እያወራሁ እሳቸው ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ይሥሉ ነበር።

«ሰማያዊው የቱ ሰማያዊ ነው?»

«የብዕር ቀለም ውሃ ሲገባበት የሚመስለው።»

«ድቧ አረማመዷስ?»

«ገና ከእንቅልፏ እንደነቃች ሴት። እግሯን ወደ ውስጥ እየረገጠች።»

«ድምፁስ?»

ድምፅ አልሰማሁም ነበር። እዚያ ሁሉ ድረስ ሄጄ የሰማሁት የካሜራዬን ጠቅታ ብቻ ነው።

«እኔ ልንገርህ» አሉ እሳቸው። «ድሬ፣ አባቴ በረዶውን ውሃ በርሜል ውስጥ ሲጨምረው ጆሮዬን በርሜሉ ላይ እለጥፍ ነበር። ይንጣጣል። ትኩስ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚለው። የዚያኛውስ እንዲያ አይደለም?»

«እንዲያ ነው» አልኩ። ሳልሰማ መሰከርኩ።

አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ላይብረሪ የእሳቸውን ሥዕሎችና የኔን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሰቀሉልን። ሰው ወደ ፎቶዬ መጥቶ «ያምራል» ይልና ያልፋል፤ ከሥዕሎቹ ፊት ግን ይቆማል። እትዬ ንግሥት ያኔ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ሳባ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ መጥታ አቀፈችኝና በእንግሊዝኛ «ለእናቴ ዓይኗ ሆንክላት» አለችኝ። ተናገር ብላ ለመነችኝ። ተነሥቼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መርከቡ እንዳልተቀበላቸው፣ እኔም የእሳቸውን አደራ ይዤ እንደሄድኩ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። የእትዬ ንግሥትም እጆች ሲያጨበጭቡ አየሁ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ኃጢአት ነበር። አላበቃም።

ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ በኋላ አንድ ማክሰኞ ቤት ስገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሲያስቡበት የቆዩ ነገር መሆኑ ያስታውቃል፤ እንደ ልጅ አፍረው ነበር።

«ኤፍሬም፣ እንደገና ጠይቅልኝ።»

«ማንን?»

«የመርከቧን ሰዎች። አሁን እኮ የምፈልገው ማየት አይደለም። እንዲያ በላቸው። ቁጭ ብላ ልትሰማው ብቻ ነው በላቸው። ማንንም አታስቸግርም በል።»

«እጠይቃለሁ» አልኩ።

አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ባለፈውም ተቀብለናቸው ነበር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ያ መልስ በሳባ እጅ ቢገባስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አልጠየቅሁም። ማክሰኞ ስገባ ኮቴዬን ይለያሉ፤ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «መልስ መጣ?» ይላሉ። «ገና ነው።» በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ «መልስ መጣ?» «ገና ነው፣ እትዬ ንግሥት፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።» ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፣ ቅጠሉ ረገፈ። ከዚያ ጥያቄውን ትተው እጃቸውን ወደ በሩ ብቻ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ካልተናገርኩ መልስ እንዳልመጣ ይገባቸዋል፤ እጃቸውን ቀስ አድርገው ጭናቸው ላይ ይመልሱታል። ሌላው ሁሉ ከዓይኔ ቢጠፋ ያቺ የምትመለስ እጅ አትጠፋም። አንዳንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አያታለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ምነው አንድ ማክሰኞ ብቻ በተሰጠኝ፣ ያን በር እንደገና ከፍቼ «መጣ!» ባልኩ እያልኩ እናፍቃለሁ።

በዐቢይ ጾም አረፉ። ሳምባቸው ነበር፤ አምስት ቀን አልቆዩም።

አርባቸው ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያን ያልጻፍኩትን ኢሜይል ጻፍኩት። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ያረፉ መሆናቸውን አልነገርኳቸውም። ስማቸውን ጠቅሼ፣ እኚህ እናት አሁን ዓይነ ስውር ናቸው፤ በረዶውን ለመስማት ብቻ ቢመጡ ትቀበሏቸዋላችሁ ወይ አልኩ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ያን ሁሉ ወር የጠበቁት መልስ አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚፈጀው። አጭር ናት፤ በቃሌ ይዣታለሁ። «እናስታውሳቸዋለን፤ ባለፈው ጤናቸው ሳይፈቅድ ሲቀር አዝነን ነበር። በደስታ። የትኛው ወር ይመቻቸዋል? በረዶው አጠገብ ስንደርስ እንዲሰሙት ሞተሩን እናጠፋላቸዋለን።»

ሞተሩን እናጠፋላቸዋለን።

አንባቢዬ፣ ወጣት ነበርኩ አልልህም፤ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልህም፤ ከሰይጣን ጋር ሳልማከር ነው ያደረግሁት። ለሚመጣው እሑድ ንስሐ አባቴ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ይህችን ሳልዘላት እናገራለሁ። እሳቸው የሚሰጡኝን ቀኖና እፈጽማለሁ። ግን ቀኖናው እትዬ ንግሥትን ጀልባ ላይ አያስቀምጣቸውም።

ይህ ጽሑፍ ሌላ ሰው ከማየቱ በፊት ለሳባ ይደርሳል። አማርኛ ማንበብ ይከብዳታል፤ ስለዚህ ቤቷ ሄጄ ራሴ አነብላታለሁ። ሳባ፣ ይቅር በይኝ ብዬ አላጣድፍሽም። ይቅር ባትይኝም እውነት አለሽ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት የተናገርኩትን ግን ዛሬ አንሥቼዋለሁ። እናትሽን ያስቀራቸው ዓይናቸው አይደለም። እኔ ነኝ።