ቶሎ የማያልቅ ዳማ

መምህሩ ሒሳብ ያስተምራል፤ ሰፈሩ «ኮምፒውተሩ» ይለዋል። ቅጽል ስሙም ደስ ይለዋል፣ ምን ይደብቃል! ቅዳሜ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ጭንቅላት የሚውልበት ጉዳይ ያስቃል። የጋዜጣ እንቆቅልሽ ይሞላል። እንቆቅልሹ ሲያልቅበት የግድግዳ ሰዓት ይፈታል፤ መልሶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። «ይቺ ድሮም አታስፈልግም ነበር» ይላል ለሚስቱ። ሰዓቱ እስከ ዛሬ አይሠራም።

ወደር የማይገኝለት በዳማ ነው። ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሙ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ይመጣሉ። ቆርኪ ይደረደራል። ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኮምፒውተሩ ጠራርጎ ይበላቸዋል። አይ፣ በዚህ ቢበቃው! ቆርኪውን እንደገና ደርድሮ የት ላይ እንደተሳሳቱ ያስረዳቸዋል። እሳቸውም «ተባረክ» ብለው ይሄዳሉ።

አንድ ቅዳሜ ቀሩ። በሚቀጥለውም ቀሩ።

«ጋሼ መሸነፍ አይወዱም» አለ መምህሩ። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዱ ፈርቷል። አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ከተቀየሙት ምን ይውጠዋል? እንቆቅልሹም አልሞላልህ አለው።

ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ሳቀች። «አይ የኔ ሊቅ! ጭንቅላት ሲታደል ፊት ተሰልፈህ፣ ልብ ሲታደል የት ሄደህ ነበር? ጋሼ ለማሸነፍ የሚመጡ መሰለህ? ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እዚያ ቤት ‹መጣህ?› የሚላቸው የለም። አንተ ቶሎ ባሸነፍካቸው ቁጥር ቶሎ ወደ ባዶ ቤት ትሸኛቸዋለህ።»

ኮምፒውተሩ ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ። ይሄን ሁሉ ቅዳሜ ቆርኪ ቆርኪውን ሲያይ የወንድሙን ፊት አላየም። አፈረ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ እምቢ ቢሉም ጎትቶ አመጣቸው። ጨዋታው ተጀመረ። አንዱን ቆርኪ ይነካና ይተወዋል፤ አገጩን ያሻል። መሐል ላይ ስለ አሮጌው አውቶቡስ ፍሬን ጠየቃቸው። ወዲያው ወሬው መጣ! ፍሬኑ እምቢ ያለበትን ቁልቁለት፣ «ሰው ነው የጫንከው ወይስ ድንጋይ?» ብላ ከኋላ የጮኸችባቸውን ተሳፋሪ አወሩለት። ያቺ ተሳፋሪ ኋላ ሚስታቸው ሆነች። እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። የሚያሸንፍበት ቆርኪ አፍንጫው ሥር ተቀምጧል፤ አልነካውም።

«ምን ነካህ ዛሬ?» አሉ። «እንደ መብረቅ አልነበርክ እንዴ?»

«አረጀሁ መሰለኝ፣ ጋሼ።»

ቆርኪውን አዩ፤ እሱንም አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመስታወት የተሳፋሪ ፊት ሲያዩ የኖሩ ሰው፣ ምን ያመልጣቸዋል? ተነሡ፤ መምህሩ ሊሄዱ ነው ብሎ ደነገጠ። እሳቸው ግን ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉና ጓዳ ወዳለችው የመምህሩ ሚስት ተጣሩ፦

«እኅቴ፣ ለመሆኑ እራት ምንድን ነው?»