ቢጫዋ ነጥብ ግራጫ ስትሆን

ልጄ አትላንቲክ ውቅያኖስን ብቻዬን በሸራ ጀልባ ላቋርጥ ነው ያለችኝ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። «ከማን ጋር?» አልኳት፣ እንዳልሰማ ሰው። «ብቻዬን» አለች በስዊድንኛ። ልጄ አማርኛ ጥሩ አድርጋ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ከትምህርት ቤት ዕድሜዋ ጀምሮ በስዊድንኛ ነው። ውድድር እንደሆነ አስረዳችኝ፤ ተወዳዳሪው ሁሉ በየጀልባው ለብቻው ሆኖ ከአውሮፓ ዳርቻ ይነሳና ካሪቢያን ደሴቶች ይገባል። «ያሸነፈ ምን ያገኛል?» ስላት «ዋናው መድረስ ነው» አለችኝ። ያ አላህ! መድረስ ከሆነ የተፈለገው አውሮፕላን አለ አይደል እንዴ?

እኔ የወሎ ደጋ ልጅ ነኝ፤ ከጉልበቴ በላይ ውኃ ገብቼ አላውቅም። ስቶክሆልም ዳርቻ ኖርስቦሪ ስንገባ ከሕንፃችን ወረድ ብሎ ሐይቅ እንዳለ እንኳን ያወቅኩት ከርሜ ነው። ልጄን ብቻዬን ነው ያሳደግኳት፤ ሥራዬ ደግሞ ሄምትየንስት ነው፣ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞሩ ማብላት፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማስታወስ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምትውልበት ቦታ ስፈልግ ለልጆች የጀልባ ትምህርት አለ፣ በነፃ ነው አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የኔን ልጅ በነፃ ትምህርት አሳስቆ ወሰዳት።

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። «ሉግን፣ ማማ» ትለኛለች፣ ተረጋጊ ማለቷ ነው። እኔን ተረጋጊ ማለት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር መሆኑን ሃያ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራ አልገባትም። በመጨረሻ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ስልኬ ላይ የውድድሩን ካርታ ጫነችልኝ። ሰማያዊው ሁሉ ባሕር ነው፤ ትንሿ ቢጫ ነጥብ ደግሞ ልጄ ናት። ነጥቧ ከተንቀሳቀሰች ደህና ነኝ ማለት ነው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው መሆኔ ቀረ። ቱነልባና፣ የምድር ውስጡ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ነጥቧን አያለሁ፤ ዋሻ ስንገባ ስልኩ ከተንቀራፈፈ በቃ ሰጠመች እላለሁ። የአዛውንቶቹን ዳቦ ቅቤ እየቀባሁ አያለሁ። ነፋስ ኖርስቦሪ ላይ ዛፍ ካወዛወዘ ያው ነፋስ እሷ ጋ የሚደርስ ይመስለኛል። የአገራችን ሰው ደግሞ አያስችለውም፣ «ውይ፣ ሴት ልጅ? ብቻዋን? ማታ ማታ የት ታድራለች?» ይለኛል። አንጀቴ እርር! አንድ ቀን ሰርግ ላይ ገነፈልኩና ከእንግዲህ ስለ ጀልባ ያነሳብኝ ሰው ቤቴ እንዳይመጣ፣ ሟርታችሁን ለራሳችሁ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳብኝም። ዝምታቸውም ደግሞ ያስፈራኝ ጀመር።

ልጄ መጀመሪያ አካባቢ አንዴ በሳተላይት ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ምን ነካው?» አልኩና መልስ ሳትሰጠኝ ማልቀስ ጀመርኩ። ብርድ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም፤ «ሁሉ ደህና» የምትል አጭር መልእክት ብቻ ትልክልኛለች። ይኼንንም ተናደድኩበት። እናት ከልጇ የሁለት ቃል ተመጽዋች ትሁን?

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ቤት መጋረጃ እየከፈትኩ ስልኬን ሳይ ነጥቧ ቆማለች። ቢጫነቷም ጠፍቶ ግራጫ ሆናለች። መልእክትም የለም። ለአዘጋጆቹ ደወልኩ። አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ሰውዬ መሣሪያዋ ምልክት መላክ አቁሟል፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪውን ግን አልተጫነችም፣ ስለዚህ ለመጨነቅ ምክንያት የለም አለኝ። ምክንያት የለም! የሰጠመ ሰው ምን ብሎ ይጫነዋል? አልኩት፣ በአማርኛ። ደግነቱ አልገባውም።

ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ። ምግብ አልወርድ አለኝ፤ የምበላው ሥራ ቦታ ሰው እያየኝ ብቻ ነው። ስሰግድ ሱጁድ ወርጄ መነሳት ያቅተኛል። የልብስ ቁም ሣጥኗን ከፍቼ ቆሜ ምን ልወስድ እንደመጣሁ እረሳለሁ። ፈራሁ፤ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እሑድ ማለዳ፣ ሱብሒ ሰግጄ ገና ምንጣፉን ሳላጥፍ፣ የበሩ ደወል ጮኸ።

እዚህ አገር ማንም ሰው ቀድሞ ስልክ ሳይደውል ሰው ቤት አይመጣም። እኛም ለምደነዋል፤ አጠገብ ለአጠገብ እየኖርን «ልምጣ ወይ?» እንባባላለን። ሳይደውል፣ በማለዳ፣ ተሰብስቦ የሚመጣው ሰው የሚመጣበት ጉዳይ አንድ ነው። አባቴ ደሴ የሞተ ጊዜ መርዶውን ያረዱኝ እዚሁ በር ላይ፣ እንዲሁ በማለዳ ነው።

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ፊት የቆሙት የሠፈራችን ታላቅ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት ናቸው፣ ነጭ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች። ከሴቶቹ ኋላ ሁለት ወንዶች፣ አንገታቸውን ደፍተው።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። «እማማ፣ አይንገሩኝ! አይንገሩኝ!» አልኩና መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ደረቴን መታሁ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው፣ ልጅ ሆኜ ለቅሶ ቤት የሰማሁት ዜማ ከአፌ ወጣ፤

ወንዱ ሁሉ ዳር ላይ ውኃውን ሲፈራ፣
የኔ ልጅ ገባችው ሸራዋን ወጥራ።
እኔ ስቆጣባት እሷ እየሳቀች፣
ኩራቴ መሆኗን ሳልነግራት አለፈች።

ሁለቱ ሴቶች ደግሞ እኔ አንድ ነገር የሰማሁ መስሏቸው አብረውኝ እሪ አሉ። ደረጃው በለቅሶ ተናወጠ። ፊት ለፊት ያለችው ስዊድናዊት ጎረቤቴ በፒጃማ ወጥታ «ሁሉ ደህና ነው?» ትላለች።

«ዝም በሉ!» አሉ እማማ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ከዚያ ሁሉ ድምፅ በላይ ጮኸው። «ሙሾ ሐራም ነው! ደግሞስ ማን ሞተና? ማን ሞተች አለሽ?»

«እናንተ ናችኋ! ለመርዶ አይደል የመጣችሁ?»

«ለዱዓ ነው የመጣነው! የልጅ ልጄ ካርታው ላይ አይታ ጀልባዋ ቆመች ብትለኝ፣ ዱዓ እናድርግላት ብለን። አንዷ ሁዲንጌ ሆስፒታል ጠዋት ፈረቃ አለባት፣ በማለዳ መጣን።»

«ታዲያ ምነው አትደውሉም?»

«ብንደውል አትምጡ ትይን የለ! ስለ ጀልባ አታንሱብኝ ያልሽው ማነሽ?»

ወንዶቹን አየኋቸው። አንገታቸውን የደፉት ምንጣፌን ላለማቆሸሽ ደጅ ላይ የጫማቸውን ክር ሊፈቱ ኖሯል። አንዱ ጫማውን እጁ ላይ ይዞ እንደቆመ ቀርቷል።

ገቡ። እማማ መሐል ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ፣ «በየብስም በባሕርም ያለኸው ጌታ፣ ይችን ልጅ ለእናቷ መልስ» አሉ፤ ቤቱ አሚን አለ። መርዶ አልነበረም፤ ግን የምሥራችም አልነበረም። ሲወጡ ካርታውን ከፈትኩ። ነጥቧ ግራጫ ናት።

እንዲያ እያለ ቀኑ ቀጠለ። እማማ ከሥራ ስገባ እየጠበቁ ሾርባ ያመጡልኛል፣ ስለ ምንም አያወሩም፣ እስክበላ ድረስ ግን አይሄዱም።

አንድ ቀን ለከሰዓት ፈረቃ ልወጣ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጠራ። የማላውቀው የውጭ ቁጥር ነው። ላላነሳውም ፈልጌ ነበር።

«ማማ» አለች።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስድብ ነው። ያለኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩባት። ከኋላዋ ሰው ይስቃል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ የሆነ ነገር በብረት ላይ ይንኳኳል፤ ወደብ ገብታለች። የጀልባዋ ኤሌክትሪክ ተበላሽቶ፣ መሪውን በእጇ እየያዘች ነው የጨረሰችው። ነጥቧ መቆሟን እንኳን አላወቀችም። ከሰው በተዋሰችው ስልክ መልእክቷን ስትከፍት የእማማ የልጅ ልጅ የላከችላትን አይታ ነው የደወለችልኝ።

«አልቅሰሽልኛል አሉ» አለችኝ። «ምን ብለሽ ነው ያለቀስሽው?»

«ተይው።»

«ንገሪኝ።»

ነገርኳት። የሙሾ አማርኛ አይገባትም፤ በዚያ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ መተርጎም ነበረብኝ። ለሞተ የሚባለውን ለምታዳምጥ ልጅ መተርጎም! ዜማውም፣ ቤት መምታቱም ቀረና ባዶ ቃሉ ብቻ ወጣ፤ ሁሉም ዳር ላይ ፈራ፣ አንቺ ሳትፈሪ ገባሽ። ኩራቴ ነሽ፣ ግን ነግሬሽ አላውቅም።

ሙዚቃው ከኋላዋ እየራቀ ሄደ። የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«ማማ፣ የመጀመሪያው ልክ አይደለም» አለች። «ፈርቻለሁ። ሁልጊዜ እፈራ ነበር። የሳተላይቱ ስልክ ለአደጋ ጊዜ የተውኩት ትንሽ ኃይል ነበረው፤ አንዴ ልደውልልሽ እችል ነበር። ግን ድምፄን ብትሰሚ መፍራቴን ታውቂብኝ ነበር።»

ለዚያ ድምፅ ስንት ቀን ስንገበገብ! ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ግን ማዶ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ይቺ ልጅ ስልክ ላይ አልቅሳብኝ አታውቅም። ትንሽ ሆና ከሐይቁ ርሳ ስትመጣ እንኳን እኔ እንዳልደነግጥ እየሳቀች ነበር የምትገባው።

አንድ እግሬ ላይ ጫማ፣ አንዱ ላይ ካልሲ እንዳለ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ፈረቃዬ እያለፈ ነው።

«አልቅሺ ልጄ» አልኳት። «እኔ ያንቺን አልቅሼ ጨርሻለሁ። ተራው ያንቺ ነው።»