የዳቦው ብስክሌት ሲጮህ

ትናንት ጎረቤቴ የታጠበ ልብስ ስትሰበስብ አንድ የእንጨት መቆንጠጫ ከገመዱ ወልቆ እግሬ ሥር ወደቀ። አንስቼ በጣቶቼ ጨመቅኩትና ለቀቅኩት። ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ያቺ ትንሽ ድምፅ ሽቦ የሚበየድበት የቀለጠ ስታኞ ሽታ፣ የትኩስ ዳቦ ሽታና የአንድ ከሰዓት በኋላ አቧራ ይዛ መጣች። ንዴቱም አብሮ መጣ። ሥራዬ ዜና መዘገብ ነው፤ ብዙ በደል አይቼ ድምፄን ሳላነሳ ጽፌያለሁ። ይህን ግን ጥርሴን ሳልነክስ አስታውሼው አላውቅም።

ሐርጌሳ የገባነው እኔ ተማሪ ሳለሁ ነበር። ወላጆቼ የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው፤ እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ስላደግኩ ሶማልኛዬ የሰፈሩ ልጆች መሳቂያ ነበር። አባቴ ከመስጊዱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሬዲዮና የስልክ መጠገኛ ከፈተ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ቁጭ ብዬ ሽቦ እበይድ ነበር።

ከቤታችን ውጭ በአማርኛ የማወራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዳቦ አመላላሹ። የወሎ ሰው ነው። ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይኖራል፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በብስክሌት እየዞረ ዳቦ በየሱቁና በየቤቱ ያደርሳል። ፊት ለፊቴ የተበታተነ ሬዲዮ ሲያይ፣ "አንቺ የድሬ ልጅ፣ ዛሬስ ማንን አረድሽ?" ይለኛል።

አንድ ቀን በእግሩ መጣ። ሊሰግድ መስጊድ ሲገባ ብስክሌቱን ከደጅ ወስደውበት ነበር።

ይህን ከተማ ለማታውቅ ላስረዳህ። እዚህ አዛን ሲል ገንዘብ መንዛሪዎች ክምራቸውን በጨርቅ ሸፍነው ወደ ሶላት ይሄዳሉ። ሲመለሱ እንደተዉት ያገኙታል። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ሰፈሩም በዚህ ስለሚኮራ የዳቦ አመላላሹን ስሞታ የሚሰማ ጠፋ። "እዚህ ሌባ የለም" አሉት። አንዱማ፣ "ብስክሌትህ አገሯ ናፍቋት ይሆናል፤ ወሎ ሄደህ ፈልጋት" ብሎ አሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ሰው ሲቸግረው እንደሚስቀው ነው የሳቀው።

የአገሩ ልጆች አዋጥተው አሮጌ ብስክሌት ገዙለት። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ግን ቁርጡን ነገረው፤ ይቺም ከጠፋች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"ጋሼ፣ የምትጮህ አደርግልሃለሁ" አልኩት።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ከእናቴ የልብስ ገመድ አንድ መቆንጠጫ ወሰድኩ። በሁለቱ ከንፈሮቹ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩ፤ ሽቦውን ከባትሪና ከአሮጌ ባጃጅ ከተነቀለ ክላክስ ጋር አገናኘሁ። ከንፈሮቹ እንዳይነካኩ መሃላቸው ቁራጭ ፕላስቲክ ገባ፤ ፕላስቲኩ በክር ከኋላ ጎማው ታሰረ። ጎማው ከዞረ ክሩ ፕላስቲኩን ይመዛል፣ መቆንጠጫው ይዘጋል፣ ክላክሱ ይጮሃል። ማጥፊያውን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ፕላስቲኩን ከቢጫ ጄሪካን የቆረጠው እሱ ነው። ጠርዙን ድንጋይ ላይ እየፈተገ ሲያለሰልስ አየሁትና፣ "ለምን ትደክማለህ?" አልኩት።

"እጅሽን እንዳይቆርጥሽ ነዋ" አለ። "አገር ቤት እንዳንቺ እጇ የማያርፍ ልጅ አለችኝ።"

ስንሞክረው ፍየሎቹ በረገጉ። ሻይ ሻጯ ጎረቤታችን መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ፣ "ኑ እዩ! ዳቦው መኪና ሆነ!" ብላ መንደሩን ጠራች። እሱም፣ "እንግዲህ እኔን ቢወስዱኝም ይጮህልኛል" አለ።

የሆነው በአስር፣ በከሰዓት በኋላው ሶላት ሰዓት ነው። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ፀሐይዋ የመስጊዱ ግድግዳ ላይ ተንጋልላ ነበር። ዳቦ አመላላሹ ብስክሌቷን ደጅ አቁሞ ሊሰግድ ገብቷል፤ እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት መጣ። የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ የእህት ልጅ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ግራና ቀኝ አየ፣ የብስክሌቷን መሪ ያዘና ገፋት።

ክላክሱ ጮኸ። ወጣቱ ከመሸሽ ይልቅ እልህ ያዘውና ሊነዳት ዘለለባት፤ ክሩ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር ከነብስክሌቷ ወደቀ። ሰጋጆቹ ሶላቱን አሰላምተው ጨርሰው ጫማ ሳያደርጉ ሲወጡ ወጣቱ ገና ሥሯ ነበር። ዳቦ አመላላሹ ሮጦ ጩኸቱን አጠፋ።

"አዴር፣ ሌባ ነው" አላቸው ሽማግሌውን፣ አጎት ብሎ ማክበሩ ነው፣ በተሰባበረ ሶማልኛው።

"ምን ሌባ? የእህቴ ልጅ ነው" አሉ። አንድ ሰው ሌባም የእህት ልጅም ሊሆን እንደማይችል ሁሉ።

"እኔ አይቻለሁ!" ብዬ ከማዶ ጮህኩ። "ልጅቷን ወደ ቤት አስገቧት" አለ አንዱ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን የጠየቀኝ የለም።

እንደ ልማዱ ሽማግሌዎቹ ሊፈርዱ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ልማዱ ለያንዳንዱ ወገን የሚናገርለት ዘመድ ይፈልጋል። "ላንተ ማን ይቀመጥልሃል?" አሉት። ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኑ ካቻቢቴ ይዞ ሱቃችን በር ላይ የቆመው አባቴ ላይ አረፈ። አባቴ የአገሩ ሰው ነው፤ ሊቀመጥለት ይችል ነበር። ካቻቢቴውን አየ፣ ዞረና ወደ ውስጥ ገባ። ኋላ ስጮህበት፣ "እኛም ገና መምጣታችን ነው" አለኝ።

ፍርዱ ይኸውልህ። ወጣቱ "ሊሞክራት ነበር" ተባለ። ጥፋተኛዋ ብስክሌቷ ሆነች፤ መስጊድ ደጅ ጮኻለች፣ ሰፈሩን ሌባ ብላ ሰድባለች። ባለቤቷ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ጩኸቱም ይነቀል። ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ "ወንድማችን ነህ" አሉት። ከልባቸው ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

"አልነቅልም" አልኩት ሱቅ ሲመጣ።

"አብሽሪ፣ የድሬ ልጅ" አለና ራሱ ነቀለው። ባትሪውንና ክላክሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቢጫውን ፕላስቲክ ከንፈሮቹ መሃል መልሶ መቆንጠጫውን እጄ ላይ አኖረልኝ። "የእናትሽ ነው፤ ልብስ ይያዝበት።"

ብዙም ሳይቆይ ብስክሌቷ ከዚያው ደጅ ጠፋች። ማን እንደወሰዳት አላየሁም፤ ስለዚህ አልናገርም። በማግስቱ ዳቦውን በጆንያ ተሸክሞ በእግሩ አደረሰ። የሽማግሌውንም ቤት አንኳኳ፤ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው በሌላ ብስክሌት መምጣት ጀመረ።

ሼክ ኑር ሄጄ ጠየቅኩ። አንዳንዶቹ በድንበሯ ከተማ በወጃሌ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ አሉኝ፤ ሌሎቹ ሊሻገር ወደ ባሕሩ ሄደ አሉ። ስንት ወሬ አጣርቼ የጻፍኩ ሰው ይህቺን ማረጋገጥ አልቻልኩም።

መቆንጠጫው የእናቴ ገመድ ላይ አልተመለሰም። የቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቢጫው ፕላስቲክም እሱ እንደተወው ከንፈሮቹ መሃል አለ። ባትሪ ስለሌለው ቢመዘዝም አይጮህም። ቢሆንም መዝዤው አላውቅም። አንዳንዴ ጠርዙን በጣቴ እዳብሰዋለሁ። ዛሬም አይቆርጥም።